ስም የማይጠራ ማዕቀብ

በእንቁጣጣሽ ሰሞን ሰው ለወዳጁ የእንኳን አደረሰህ ካርድ ይልካል። የአሜሪካ መንግሥትም በእንቁጣጣሽ ሰሞን ስለ እኛ አንድ ወረቀት የመጻፍ ልማድ አውጥቶ ነበር። የመጀመሪያው መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ፊርማ ወጣ። ቁጥሩ 14046 ነው። በዓመቱ መስከረም ሊጠባ ሲል ተራዘመ። በሚቀጥለውም ዓመት ተራዘመ። በ2017 ዋዜማ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ተራዘመ። የወረቀቱ ቃል ሲጠቃለል፣ በሰሜን ኢትዮጵያና በአካባቢው ያለው ሁኔታ ለአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነትና የውጭ ፖሊሲ «ያልተለመደና እጅግ ከባድ አደጋ» ስለሆነ ብሔራዊው የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ይቀጥላል የሚል ነው።

አደጋው ለማን እንደሆነ ልብ ይሏል! ለቆቦ አልተባለም፤ ለዋሽንግተን ነው የተባለው። በ2013 መግቢያ ላይ ማሽላውን አንበጣ የበላበት፣ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ጦርነት ደጃፉ ድረስ የመጣበት የራያ ቆላ ገበሬ ለካስ ሳያውቀው የልዕለ ኃያሏን አገር እንቅልፍ ነሥቶ ኖሯል።

የእናቴ ወገኖች የቆቦ ሰዎች ስለሆኑ ይህን ወረቀት እንደ ሩቅ አገር ወሬ ላየው አልቻልኩም። አንድ ዘመዴ የሆኑ አዛውንት ስለ ማዕቀቡ በሬዲዮ ሰምተው ኖሮ «ታዲያ እነማንን ያዙ?» ብለው ጠይቀውኛል። ለእሳቸው ማዕቀብ ማለት ወንጀለኛ መያዝ ነው። ጥያቄው የዋህ ይመስላል። ይሁን እንጂ ዲፕሎማቶቹ በሙሉ ዙሪያውን ዞረው ዞረው ያልደረሱበት ጥያቄ ይኸው ነው። እኔም ዛሬ ከእሱ የምርቅ አይመስለኝም።

አስቀድሞ የወረቀቱን ነገር እንወቅ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጡት የብሔራዊ አስቸኳይ ጊዜ ሕግ አላቸው። በዓመቱ፣ በ1977፣ ለፕሬዚዳንቱ የውጭ ሰዎችን ገንዘብና ንብረት የማገድ ሥልጣን የሚሰጥ ሌላ ሕግ ጨመሩበት። ፕሬዚዳንቱ በዚህ ሕግ ሰው ለማገድ ሲፈልግ በመጀመሪያ «አገሬ አደጋ ተደቅኖባታል» ብሎ ማወጅ አለበት። አዋጁ በዓመቱ ይሞታል። እንዳይሞት የፈለገ እንደሆነ፣ ዓመቱ ከመሙላቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ማራዘሙን ለኮንግረስ ያስታውቃል፤ በመንግሥቱ ጋዜጣም ያወጣል። በቃ! እጅ የሚያወጣ፣ ድምፅ የሚቆጥር የለም። ሕጉማ ሁለቱ ምክር ቤቶች በየስድስት ወሩ ተቀምጠው ይቅር ወይስ ይቀጥል ብለው እንዲመክሩ ያዛል። ምክር ቤቶቹ ግን ይህን ትእዛዝ ለአሥርተ ዓመታት ረስተውት ኖረዋል።

በዚህ መንገድ የተወለደ አዋጅ ዕድሜው ረጅም ነው። በኢራን ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 የታወጀው፣ ለአዋጁ ምክንያት የሆኑት ታጋቾች በ1981 ከተለቀቁ በኋላም በየዓመቱ ሲታደስ ሽበት አውጥቷል። የሰሜን ኮሪያው እ.ኤ.አ. በጁን 2008 የወጣ ነው። የዚያ ምክንያቱ የአቶሚክ ቦምብ ነበር። ሰሜን ኮሪያ የመጀመሪያውን ሙከራ በ2006 አድርጋለች፤ አዋጁ ከወጣ በኋላም በ2009፣ በ2013፣ በ2016 ሁለት ጊዜ፣ በ2017 ደግሞ አንድ ጊዜ አፈነዳች። ወረቀቱ በየዓመቱ ሲታደስ ቦምቡም አብሮ ታደሰ። እዚያስ ቢሆን አደጋው በዓይን ይታያል። ሚሳይል አለ፣ ቦምብ አለ፣ ዛቻ አለ። የእኛ ስም እዚያ ሰልፍ ውስጥ የገባው በየትኛው ሚሳይል ነው? በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ወርዶ፣ ተከታዮቹም እየተተኩ ከአሜሪካኖች ጎን ከዚያችው ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲዋጉ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን እዚያ ወድቀዋል። ሰባ ዓመት አልፎ፣ የአገሩ ስም ብቻ በተቀየረበት ተመሳሳይ ቅጽ ላይ ከፒዮንግያንግ ኋላ ተሰልፈን ተገኘን።

ውለታ ልቆጥር አይደለም። ቅጹ ለቦምብም ለጭፍጨፋም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው የሚከነክነኝ። ቦምብ የሚሠራን መንግሥት ገንዘብ ነሥቶ ማዘግየት ይቻል ይሆናል። ልጁ የተረሸነበት ሰው የሚጠብቀው ግን የገዳዩ የባንክ ደብተር እንዲዘጋ አይመስለኝም፤ ገዳዩ በስሙ እንዲጠራለት ነው።

ቆቦን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከወልዲያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስተምሥራቅ የዞብልን ተራራ፣ በስተምዕራብ የላስታን አቀበት ተደግፋ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው አስፋልት በመሀሏ ያልፋል። ከደቡብ የዘመተም ከሰሜን የወረደም እሷን ሳይረግጥ አያልፍም። በሐምሌ 2013 የትግራይ ኃይሎች ያዟት። ባንክ ተዘጋ፤ መብራት ጠፋ፤ ስልክ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ኅዳር መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት አስፍሮታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ተዋጊዎች በከተማዋ በአራት የተለያዩ አጋጣሚዎች 23 ሰዎችን ረሽነዋል። የአካባቢው ገበሬዎች ተዋጊዎቹን በመግጠማቸው የተፈጸመ በቀል እንደሚመስልም ሪፖርቱ ያመለክታል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ደግሞ በየካቲት 2014 ስለ ቆቦና ዳባት አጠገብ ስላለችው ስለ ጭና የራሱን ምርመራ አወጣ።

እንግዲህ ቀን እንቁጠር። ከጳጉሜን 4 እስከ መስከረም 7 ስምንት ቀን ነው። የሟቾቹ አርባ ሳይወጣ የዋሽንግተን አዋጅ ወጣ። አዋጁ ጭፍጨፋን፣ ብሔር ለይቶ ማጥቃትን፣ አስገድዶ መድፈርን፣ እርዳታ ማገድን እየጠቀሰ ይወቅሳል። ሊታገዱ የሚችሉትንም ይቆጥራል፦ የኢትዮጵያ መንግሥትና ብልጽግና ፓርቲ፣ የኤርትራ መንግሥትና ፓርቲው፣ ሕወሓት፣ የአማራ ክልል መንግሥትና የአማራ ኃይሎች። ማንንም አላስቀረም። ይህን እንኳ ማመስገን ይገባል። ግን እንዲህ ያለ ወረቀት ሥራ የሚጀምረው ከቡድን ወርዶ የሰው ስም ሲሞላበት ነው።

ስም የተሞላበት ኅዳር 3 ቀን 2014 ነው። ስድስት ናቸው። የኤርትራ መከላከያ ሠራዊት፣ ገዥው ፓርቲ ሕግደፍ፣ ሕድሪ ትረስትና የቀይ ባሕር ንግድ ኮርፖሬሽን የሚባሉት ሁለቱ የፓርቲው ድርጅቶች፣ የፓርቲው የኢኮኖሚ ሹም ሐጎስ ገብረሕይወትና የደኅንነቱ ኃላፊ አብርሃ ካሣ። የኤርትራ ሠራዊት በትግራይ ሕዝብ ላይ የሠራውን የሚያውቅ ሰው ለምን ተሞላ ብሎ አይከራከርም። ስለ አዲስ አበባና ስለ ሕወሓት ግን ንግግሩ ይሳካ እንደሆነ ጊዜ እንስጥ ተባለ። ጊዜው ተሰጠ። ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ሲራዘም አንድም ኢትዮጵያዊ ስም፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ አልታከለበትም። ቆቦ ላይ ተኩሱ ያለው አዛዥ ስም የለም። ትግራይ ውስጥ ማኅበረ ዴጎ ገደል አፋፍ ላይ እስረኞችን የረሸኑት ወታደሮች ስምም የለም። ለአዛውንቱ ዘመዴ የምመልሰው መልስ አላገኘሁም።

ነሐሴ 18 ቀን 2014 ጦርነቱ እንደገና ሲቀሰቀስ ተኩሱ የተሰማው በዚያው በቆቦ ግንባር ነው። ከሦስት ቀን በኋላ መንግሥት ሠራዊቱን ከቆቦ ማስወጣቱን አስታወቀ። ከተማዋ ለሁለተኛ ጊዜ ተያዘች። ዋሽንግተን አዋጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ያራዘመው እንግዲህ ቆቦ ለሁለተኛ ጊዜ በተያዘችበት በዚያው ሰሞን ነበር። ከዓመት በፊት እዚያው ከተማ ውስጥ ሰው የረሸነ ተዋጊ ተመልሶ ሲገባ የሚፈራው ነገር ነበረው? አዋጁ ላይ ስሙ የለ፤ የአለቃው ስም የለ።

«አዋጁ ባይኖር ፕሪቶሪያ ባልኖረ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በከፊል እቀበላቸዋለሁ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም ፈራሚዎቹን ከገፏቸው ነገሮች አንዱ የማዕቀብ ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ዱላ ሳይወርድ ሲያስፈራ ጥሩ ነው። ከተፈረመ በኋላስ? መጋቢት 6 ቀን 2015 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንቶኒ ብሊንከን አዲስ አበባ ሆነው 331 ሚሊዮን ዶላር የሰብአዊ እርዳታ አስታወቁ። መጋቢት 11 ቀን ዋሽንግተን ገብተው ደግሞ የኢትዮጵያ መከላከያ፣ የኤርትራ ሠራዊት፣ የአማራና የሕወሓት ኃይሎች አባላት የጦር ወንጀል መፈጸማቸውን መንግሥታቸው አረጋግጧል አሉ። በአምስት ቀን ውስጥ እርዳታም ክስም ተሰጠን። ክሱ ግን ተከሳሽ የለውም። መስከረም ሲቃረብ አዋጁ ተራዘመ፤ ያንኑ ስድስት ስም ይዞ።

ራያ ከማዕቀብ ጋር የተዋወቀችው ገና በ1928 ዓ.ም. ነው። የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ኅዳር 8 ቀን ጸና፤ ሐምሌ 8 ቀን ተነሣ። ስምንት ወር። ለጣሊያን መሣሪያ መሸጥ፣ ብድር መስጠት፣ የጣሊያንን ሸቀጥ መግዛት ተከለከለ። ነዳጅ ግን አልተከለከለም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። መጋቢት 22 ቀን የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ማይጨው ላይ ድል ሆነ። በተከታዮቹ ቀናት በሐሸንጌ ሐይቅ ዳር ሲያፈገፍግ ከሰማይ ቦምብና መርዝ ወረደበት። አይሮፕላኖቹ የበረሩት ባልተከለከለው ነዳጅ ነው። እርግጥ በምድርም የሚያፈገፍገውን ጦር የወጉ ብዙ የራያና የአዘቦ ሰዎች ነበሩ፤ ከመንግሥት ጋር የቆየ ቂም ነበራቸው፣ የጣሊያንም ገንዘብ ነበር። ታሪክ ስንጠቅስ የሚያምረንን ብቻ መርጠን መቁረጥ ስለማይገባ ነው ይህን ማንሣቴ። ጄኔቫ ነዳጁን የተወችው ግን የራያን ቂም አይታ አልነበረም፤ ሙሶሊኒ እንዳይቆጣ ነው። የሚያመው ነገር ተለይቶ ወጥቶ የማያመው ታገደ። አዲስ አበባ በሚያዝያ 27 ከተያዘች በኋላ እንኳ ማዕቀቡ ሁለት ወር ከምናምን «ጸንቶ» ቆይቷል። ማንን ሊያስቆም እንደቆየ እንጃ።

የኤርትራን መንግሥትም እንይ። የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 የጣለበት ማዕቀብ እስከ 2018 ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ሲነሣ አሥመራ ላይ ያው ሰው፣ ያው ፓርቲ፣ ያው ማለቂያ የሌለው ብሔራዊ አገልግሎት ነበር። እንዲህ ያለውን ቆዳ በድጋሚ ማዕቀብ መምታት ለመቺው ምን ዋጋ ያስከፍላል? ምንም። ስድስቱ ስሞች ሁሉ ከዚያ ወገን መሆናቸው ለእኔ ድንገት አይመስለኝም። ዋሽንግተን ከአሥመራ ጋር የምታጣው ወዳጅነት አልነበራትም።

እዚህ ላይ «አጎአስ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አጎአ ሌላ ወረቀት ነው፤ በአዋጅ 14046 ውስጥ የለም። ብዙ ሰው ሁለቱን እያደባለቀ ሲከራከር ስለምሰማ ነው መለየቴ። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ከአጎአ ስትሰረዝ ምርቷን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ማስገባት ቀረባት። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትልቅ ስም የነበረው ፒቪኤች የተባለው ኩባንያ ቀኑ ሳይደርስ በኅዳር ፋብሪካውን ለመዝጋት ወሰነ። በጦርነቱ መሀል የወደቀችው ኮምቦልቻም ፋብሪካዎቿ በሁለት በኩል ተመቱ፤ አንድም በጦር፣ አንድም በቀረጥ። ከራያ ቆላ፣ ከሐብሩ፣ ከቃሉ ወጥታ ሸሚዝ የምትሰፋ ልጅ የጦር ወንጀል አልፈጸመችም። ኒውዮርክ ውስጥ የሚታገድ ሒሳብም የላትም። የእሷ ደመወዝ ሲቋረጥ የጄኔራሎቹ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁኑ፣ አልተቋረጠም። በስም መምታት ያልፈለገ እጅ በጅምላ መታ፤ በጅምላ ሲመታ ደግሞ የሚወድቀው ከታች ያለው ነው።

ለአገራችን ሹማምንት ይህ ሁሉ ሠርግና ምላሽ ነበር። ዘይት ሲወደድ «የምዕራባውያን ጫና»፣ ዶላር ሲጠፋ «የምዕራባውያን ጫና»። በጥቅምት ማብቂያ 2014 መስቀል አደባባይ የወጣው ሕዝብ ከልቡ ነበር የጮኸው፤ በዚያ አልቀልድም። ነገር ግን ከአዋጅ 14046 በታች አንድም የኢትዮጵያ ባለሥልጣን ገንዘብ አልታገደም። የሌለ ማዕቀብ በመቃወም የተጀገነ ሰው የቆቦን ሬሳ ለመቁጠር ጊዜ አላገኘም። ውጭ ያለው ወገናችንም እንዲሁ። በጥር 2014 ኤች አር 6600 የሚባል ረቂቅ ሕግ ለኮንግረስ ሲቀርብ በዋሽንግተን ጎዳናዎች ገሚሱ ይጽደቅ፣ ገሚሱ ይውደቅ እያለ ተሰለፈ። ስንት የታክሲ ሾፌር የቀን ገቢውን ትቶ ወጣ፤ ስንት ደብዳቤ ተጻፈ፤ ስንት ዓመት የኖረ ጉርብትና ተበጠሰ! ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። ድምፅ የማያስፈልገው አዋጅ ግን ጎን ለጎን በጸጥታ ሲራዘም አንዱም ወገን ተሰልፎ «ስም ሙሉበት!» አላለም። ለምን ቢባል፣ ስም ቢሞላ የእኔም ወገን ስም ይገባል የሚል ሥጋት በሁለቱም በኩል ስለነበረ ይመስለኛል። የኤርትራ ስም ብቻ ያለበት ዝርዝር ለሁላችንም ተመችቶናል።

የማራዘም በሽታ የባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በፋኖና በመከላከያ መካከል ውጊያ ከተነሣባቸው ቦታዎች አንዱ ያችው ቆቦ ነበረች። ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ፣ ቤት መፈተሽ፣ ሰዓት እላፊ ማወጅ፣ ስብሰባ መከልከል ተፈቀደ። የሞባይል ኢንተርኔቱ ተዘጋ። የምክር ቤት አባሉ ክርስቲያን ታደለ ያለመከሰስ መብታቸው ሳይነሣ ታሰሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 ለመጀመሪያው ስድስት ወር ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየአራት ወሩ ሲራዘም የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። በወረቀት ደረጃ ከአሜሪካኖቹ የኛ ይሻላል፤ የእነሱን አንድ ሰው በአንድ ፊርማ ያራዝመዋል። በተግባር ግን ጥር 24 ቀን 2016 እጅ ወጣና አራት ወር ተጨመረ። በስድስቱ ወር ስንት ሰው ታሰረ፣ ስንቱ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ስንቱ ሞተ ብሎ በዝርዝር ያስቆጠረ ምክር ቤት አላየሁም። አዋጁ በግንቦት 2016 መጨረሻ ጊዜው አልቆ ቀረ፤ ውጊያው ግን ጊዜው አላለቀም። በመሀሉ፣ በሚያዝያ፣ በአላማጣና በአካባቢው በተነሣው ግጭት ወደ 50,000 የሚጠጋ ሰው ሲፈናቀል ከፊሉ የሸሸው ወደ ቆቦ ነው። ሁለት ጊዜ የተያዘችው፣ በአስቸኳይ ጊዜ ሥር ያለችው ከተማ መጠጊያ ሆነች።

የሚያንገበግበኝን ላውጣው። መራዘም የነበረበት ነገር ነበር። ታኅሣሥ 8 ቀን 2014 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት በኢትዮጵያ ጉዳይ የባለሙያዎች ኮሚሽን አቋቋመ። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተመድ ጽሕፈት ቤት በጋራ ያካሄዱት ምርመራ እስከ ሰኔ 21 ቀን 2013 ያለውን ብቻ ስለሸፈነ ቆቦ ከመዝገቡ ውጭ ቀርታ ነበር። የኛው ኮሚሽን በመጋቢት 2014 ለብቻው ባወጣው ሪፖርት በአማራና በአፋር ክልሎች ቢያንስ 750 ሲቪሎች መገደላቸውን ገለጸ፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። አዲሱ የጄኔቫ ኮሚሽን ደግሞ በመጀመሪያ ሪፖርቱ በዝርዝር ካያቸው ጥቂት ጉዳዮች መካከል ቆቦና ጭና ነበሩ፤ የመቀሌው የከባድ መሣሪያ ድብደባና የደደቢቱ የድሮን ጥቃትም እንዲሁ። አንዱን ለቅሶ ከሌላው ሳያበላልጥ ጎን ለጎን ያስቀመጠ መዝገብ ነው። አዲስ አበባ በቦታው ተገኝቶ እንዲመረምር አልፈቀደለትም፤ ሥራውን እንዲያቆምም ወተወተ። ገንዘቡም ጊዜውም አጭር ነበር። በአንድ ዓመት ተራዘመ። በ2016 መግቢያ ላይ እንደገና እንዲራዘም ሐሳብ የሚያቀርብ አንድ አገር ጠፋ። አንድ! ኮሚሽኑ ተዘጋ።

ቀኑን አስተያዩልኝ። በጳጉሜን 2015 ዋሽንግተን ስም የሌለውን አዋጅ አራዘመች። ወር ሳይሞላ ስም ሊያወጣ የሚችለው ኮሚሽን ሲዘጋ ዝም አለች፤ ከአውሮፓ ወዳጆቿ ጋር። ምንም የማያስከፍለው ወረቀት ቀጠለ፤ ሊያስከፍል የሚችለው ተቀደደ። የአሜሪካ መንግሥት በእርግጥ ስለ ቆቦ ግድ ቢለው ኖሮ አንድ ገጽ ከመጻፍ ይልቅ ጄኔቫ ላይ አንድ እጅ ማውጣት ይበቃው ነበር።

ስለዚህ የዋሽንግተኑን ወረቀት በተመለከተ አቋሜ አጭር ነው። በየወገኑ ያሉትን አዛዦች በስም ያስፍር፣ ካልሆነ ይዘጋ። ባለበት የሚራዘም ከሆነ ገዳይን አያስፈራም፤ ለሹማምንት ማመካኛ ይሆናል፤ ለሟች ቤተሰብ ደግሞ አንድ ነገር እየተደረገ ነው የሚል የሐሰት ተስፋ ይሰጣል። በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የመራጭነት ድምፅ ስላላችሁ፣ ለእንደራሴያችሁ የምትጽፉት ደብዳቤ ይራዘም ወይም ይነሣ የሚል ብቻ አይሁን። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ቆቦ ውስጥ የነበረው ጦር የማን ነበር፣ አዛዡ ማን ነበር፣ ስሙ ለምን ዝርዝሩ ላይ የለም ብላችሁ ጠይቁ። ማኅበረ ዴጎንም በዚያው ደብዳቤ ጠይቁ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ የሚከብደው ሰው ካለ ጣጣው ከዋሽንግተን ሳይሆን ከራሱ ጋር ነው።

እዚህ አገር ቤት ደግሞ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አለ። ክስ፣ እውነት ማፈላለግ፣ ካሣ የሚሉ ቃላት ሁሉ ሠፍረውበታል። ወንጀሉ ሲፈጸም ሥልጣን ላይ የነበረ መንግሥት የራሱንም ሰዎች ይከሳል ወይ የሚለው ጥርጣሬ የእኔም ነው። ቢሆንም ፖሊሲው ወጥቷልና በቃሉ እንያዘው። ልዩ ዐቃቤ ሕግ የሚባለው ሥራ ሲጀምር ለመጀመሪያው ፋይል ቀን ቢቸግረው ጳጉሜን 4 አለለት። ምስክር ፍለጋ ጄኔቫ መሄድም አያስፈልገውም፤ ከወልዲያ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው።